የአባዬን የሆዱን ለጠየቀችው የስኳር ክትትል ነርስ

ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ሰሜን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ለምትሠራ ነርስ የተጻፈ። ስሟን አልጠራም። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ስሜን እንዳትጽፊ» ብላ ቃል አስገብታኛለች። ቃሌን አከብራለሁ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም፤ አባቴን መልሳ ሰጥታናለች።

አባዬ ሸማኔ ነው። ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ኑሯቸውን ከመሠረቱት አንዱ። ያደግነው መወርወሪያው ወዲህና ወዲያ ሲል እየሰማን ነው። ስኳር ከያዘው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ሜትፎርሚን ይወስድ ነበር፣ በኋላ ኢንሱሊን ተጨመረለት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስኳሩ የእግሩን ነርቭ ጎዳው። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ነው ድሩን የሚከፍተው። እግሩ መርገጫውን መለየት ሲያቅተው ጥለቱ ይዛባበት ጀመር። በመጨረሻ ዕቃውን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ ከጉድጓዱ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። እድር መሄድ ተወ። የጎረቤት ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ። አባዬ! ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው ሰው። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ከአልጋ አይወርድም። ምግብ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል። ምን ሆንክ ሲባል «ስኳሩ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ስኳሩም እውነትም አልወርድ አለ። በባዶ ሆዱ ሲለካ ከ250 በላይ ነበር።

ያኔ የሚታከመው ሌላ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ ማንሳት አያስፈልግም። እዚያ ቁጥሩ ይታያል፣ ኢንሱሊኑ ከፍ ይደረጋል፣ «አይጠነቀቁም እንዴ?» ይባላል፣ ቀጣዩ ይገባል። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚወጣው። ወረፋው ብዙ ነው፣ ባለሙያውም ይደክማል፤ ይገባኛል። ግን ሰውን ተቆጥቶ ስኳሩን ያወረደ ሰው አላየሁም።

ወደዚህ ጤና ጣቢያ የመጣነው የጤና መድህናችን የተመዘገበው እዚህ ስለሆነ ነው። ሲስተር አባዬን ያየችበትን የመጀመሪያ ቀን ልንገራችሁ።

ቁጥሩን አየችና ምንም አላለችም። ካርዱን ዘጋችው። ተነስታ በሩን ገፋ አደረገችና ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥታ ከፊቱ ተቀመጠች። ካልሲውን ራሷ አወለቀችለት። በጥጥ ጫፍ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካች «ይሰማዎታል አባባ? ይሄስ?» ትለዋለች። እግሩን እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ «ሥራ ካቆሙ ወዲህ ቀኑ እንዴት ይመሻል?» አለችው።

አባዬ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አይመሽም ልጄ» አለ።

እኛ ቤት ሁሉም ነገር ሆድ ይፍጀው ነው። አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሲስተር አላባበለችውም፣ «አይዞዎት፣ ምንም አይደል» ብላም አላቋረጠችውም። ጨርሶ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች፤ የድብርት መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ የሚልዎት ነገር ጠፍቷል ወይ? ተስፋ ቆርጠዋል ወይ? እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሐሳብን መሰብሰብ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሙያው በደንብ ማየት አለበት። መጠይቁ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። የአማርኛው ቅጂም እዚሁ አዲስ አበባ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። አባዬ ከ15 በላይ አመጣ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ከባድ ነው። መሞትን ይመኛሉ ወይ የሚል ነው። ልጁ ሆኜ አጠገቡ ተቀምጬ ያንን መስማት ከብዶኝ ነበር። ሲስተር ግን ድምፅዋን ሳትለውጥ ጠየቀችው። «ማታ ስተኛ ባልነቃ እላለሁ» አላት። ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣበታል ብለን እንዳንፈራ በኋላ ነገረችን። እንዲያውም መጠየቁ ነው ሰውየውን የሚያስተነፍሰው። ያኔውኑ ጤና መኮንኑን ጠርታ አብረው አዩት። ለጊዜው መድኃኒቱንና ኢንሱሊኑን ሌላ ሰው እንዲይዝለት፣ ብቻውንም እንዳይሆን አስጠነቀቀችን። ለሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ሪፈር ተጻፈለት።

ሪፈር የሚለውን ስንሰማ እናቴ ደነገጠች። በእኛ ሰፈር የአእምሮ ሕክምና ከተባለ ወዲያው አማኑኤል ነው የሚታሰበው፤ አማኑኤል ከተባለ ደግሞ ጨርቅ መጣል። ሲስተር እናቴን ይዛት ወደ ጎን ወጣች። አማኑኤል ትልቅ የሕክምና ቦታ እንደሆነ፣ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳላቸው፣ የአባዬ ነገር ደግሞ ከስኳሩ ጋር የተያያዘ ድብርት እንደሆነ አስረዳቻት። «እማማ፣ ዓይኑን ስኳር ቢነካው ዓይን ሐኪም ጋ አይወስዱትም?» አለቻት። እናቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

ያስረዳችንን እኔም በአቅሜ ላስተላልፍ፤ ስኳር ያለበት ሰው በየቤቱ አለና።

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። እነዚህ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፣ ኢንሱሊንም ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያግዱታል። ስለዚህ ሰውየው ምንም ጣፋጭ ሳይቀምስ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል። «አይጠነቀቁም እንዴ?» የተባለው አባዬ ለካ እህል እንኳ በቅጡ አይበላም ነበር። በዚያ ላይ የተደበረ ሰው መድኃኒቱን ይረሳል። ወይም አውቆ ይተወዋል፤ ለምን ልኑር ብሎ። አይንቀሳቀስም፣ ቀጠሮውን ያልፋል።

በሌላ በኩል ስኳሩ ራሱ ሰውን ይሰብራል። ሌሊት ለሽንት እየተነሱ እንቅልፍ የለም። እግር ያቃጥላል። መርፌው በየቀኑ ነው፣ ወጪው አያልቅም። ከሥራ ያስወጣል። ስኳር ያለበት ሰው በድብርት የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የልብ፣ የኩላሊት፣ የሚጥል በሽታና ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎችም እንዲሁ ለድብርት የተጋለጡ ናቸው። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይከብዳል፤ አንዱን ብቻ ማከም ደግሞ ብዙም አያራምድም።

ይህችን ነርስ የወደድኩበት ሌላው ነገር፣ ሁሉንም ነገር የሐሳብ ነው ብላ አለመዝጋቷ ነው። ለረጅም ዓመት ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል። ይህም ድካምና መደበት፣ የእግር መደንዘዝም ያመጣል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስም ድብርት ይመስላል። ሁለቱም እንዲመረመሩለት ለሐኪሙ ማስታወሻ ጻፈችለት። ስኳር በድንገት ሲወርድ የሚመጣው ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠንም ጭንቀት እንደሚመስል፣ እንዲያ ሲል ቶሎ እንድንለካው አሳየችን።

ሆስፒታል ፍሉኦክሲቲን ታዘዘለት። ይህ መድኃኒት ከኢንሱሊን ጋር ሲሆን ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል መለካቱን እንዳንተው ደጋግማ ነገረችን። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ «አልሠራም» ብሎ ማቆም፣ ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ መጣልም አይገባም። አባዬ እንጦጦ ጸበል መሄድ ፈልጎ ነበር። አልከለከለችውም። «ይሂዱ አባባ፣ መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ፣ በባዶ ሆድም ብዙ አይቆዩ» አለችው። ሁለቱን አስታርቃ ስለነገረችው እሺ አለ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ አባዬን ያነሳው ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሲስተር ሥራውን በደንብ አስረዱኝ አለችው። ስለ ድርና ማግ፣ ስለ ጥለት ጠየቀችው። ከዚያ «እግርዎ እንቢ አለ እንጂ እጅዎና ዓይንዎ ደህና ናቸው። ከሰዓት ከሰዓት የወንድምዎ ልጅ ጋ እየሄዱ ክር ቢያጠነጥኑለትስ?» አለችው። መንገዱ ለእግሩ እንቅስቃሴ ይሆነዋል፤ ብቻ ሽፍን ጫማ አድርጎ፣ ማታ እግሩን አይቶ። መጀመሪያ ሳይወድ ሄደ። አሁን ልጁን «ይሄ ጥለት ጠሟል፣ ፍታው» እያለ ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። ልጁ ሲያማርር ስሰማ ደስ ይለኛል።

ለእኛም ለቤተሰቡ የነገረችን አለ። ማዕድ ላይ እየተቆጣጠርን «ይሄን አትብላ፣ ያንን ተው» እንዳንለው። ሰው ፊት ስኳሩን እንዳናነሳበት። «ዛሬ ስንት ሆነ?» ከማለታችን በፊት «እንዴት አደርክ?» እንድንለው። ቀላል ይመስላል፤ ቤታችንን የለወጠው ግን ይህ ነው።

አሁን በባዶ ሆዱ ሲለካ 150 አካባቢ ነው። ገና ይቀረዋል፤ እግሩም አልተመለሰም፣ አንዳንድ ቀን ፊቱ ይጠቁራል። ግን እድሩ ላይ ይገኛል። ለቅሶ ይደርሳል።

ይህ የአንዲት ነርስ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ስልጠናም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች የማውረድ ፕሮግራም አለ። በአገራችንም በዚህ ፕሮግራም ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይሠለጥናሉ። እሷም ወስዳዋለች። የሠለጠኑት ግን በየጤና ጣቢያው አይገኙም፤ የሠለጠነውም በወረፋ ብዛት ጊዜ ያጣል። የጤና ቢሮ ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ በሩ የሚዘጋ ክፍልና ለጥያቄ የሚሆን ጊዜ ስጡ። አባዬ ያንን ቃል በተከፈተ በር አይናገረውም ነበር።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። ውለታሽን ከፋይ ያድርገን። ጤና መኮንኑንም፣ ፍሉኦክሲቲኑን ጠዋት ጠዋት እንዲወስድ በእርጋታ ያስረዳችውን የመድኃኒት ቤቷን ልጅም አመሰግናለሁ።

አባት ወይ እናት የሚያስታምም፣ ስኳሩ ወይ ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለው ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ። ሌላ ቦታ የምትታከሙም ብትሆኑ ክትትል ክፍሉ ውስጥ «የድብርት መጠይቅ ይሞላልን» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። መሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ወደዚህ ጤና ጣቢያ የምትመጡ የመድህን መታወቂያ፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉና የቤት ልኬት ደብተር ያዙ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል ከደረሳችሁ ከምሳ በፊት ትጨርሳላችሁ።