ሰብዉፈራችንን ልክ ያስገባልን ባለሙያ፤ ምስጋናና ጥቆማ

ለቤታችሁ ሰብዉፈር (ወፍራሙን የቤዝ ድምጽ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር) ለመግዛት የምታስቡ፣ ወይም ገዝታችሁ ድምጹ አልጥም ያላችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ ነው። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመሰግነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ እሱም አልፈለገም።

መጀመሪያ የደወልኩለት ስንት ዋት ልግዛ ብዬ ለመጠየቅ ነበር። እሱ ግን በጥያቄ አጣደፈኝ። የክፍሉ ርዝመት ስንት ነው? ስፋቱስ? በር አለው ወይስ ከሌላ ክፍል ጋር ክፍት ነው? ሶፋው የት ጋ ነው ያለው? ከጎረቤት የሚያዋስናችሁ ግድግዳ የቱ ነው? ፊልም ነው የምታዩት ወይስ ሙዚቃ ይበዛል? "ጋሼ፣ ዋቱን ለጊዜው ይተዉት" አለኝ።

ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ በኋላ ነው። የአምፕሊፋየር ኃይል እጥፍ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከ300 ዋት ወደ 600 ሲሄድ፣ ድምጹ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምጽ ጉልበት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ጆሮ ልዩነቱን ያውቀዋል እንጂ "እጥፍ ጮኸ" አይልም። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ ሁልጊዜ የሚሰጠው አይደለም። ይልቅ የስፒከሩን ስፋት እዩ አለን። ባለ 12 ኢንቹ ከባለ 10ሩ የሚበልጠው በ2 ኢንች ብቻ ይመስላል፤ አየር የሚገፋው ገጹ ግን በ44 በመቶ ይሰፋል።

ከዚያ የሳጥኑ ነገር መጣ። ቀዳዳ ያለው አለ፣ ድፍን አለ። ባለ ቀዳዳው በተመሳሳይ ኃይል ታች ላይ ጠንከር ብሎ ይጮሃል፤ የፊልም ፍንዳታ ለሚወድ ሰው አይጠላም። ግን ሳጥኑ ግዙፍ ነው። ከተቃኘበት ድምጽ በታች ሲሆን ደግሞ በአንዴ ገደል ይገባል። ድፍኑ አነስ ይላል፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ ግድግዳዎቹ ራሳቸው ያግዙታል። የኛ ክፍል 5 ሜትር በ4 ነው፣ በሩም ይዘጋል። "ድፍን ባለ 12 ኢንች ይበቃችኋል" አለን። ካሰብነው በብዙ የረከሰ ነው። እሱ እቃ ስለማይሸጥ ትልቁን ቢያስገዛን የሚያገኘው ነገር የለም፤ ለኔ ምክሩን ያሳመነኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው ሰብዉፈርን ባዶ ቦታ የተገኘበት ጥግ ይወትፈዋል። ጥግ ላይ ድምጹ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን አንዱ ኖታ ብቻ ተነጥሎ ዱም ዱም ይላል፣ ሌላው ይጠፋል። ልጁ ዉፈሩን ለጊዜው ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖረው። ማይኩን ሶፋው ላይ፣ ጆሯችን በሚሆንበት ከፍታ አቆመ። ከዚያ ከ20 ኸርዝ ተነስቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚወጣ ድምጽ ለቀቀ (ኸርዝ ማለት ድምጹ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምጹ ይወፍራል)። የሚለካበት ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር 34 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ጉድጓድ ገባ። "አዩ? ቤዙ እዚህ ጋ ነው የጠፋው" አለኝ በጣቱ እያሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምጽ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ34 ኸርዝ አንድ ሞገድ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ 5 ሜትር፤ ልክ የክፍላችን ርዝመት ማለት ነው። ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ ሲወዛወዝ ዳርና ዳሩ ከፍ ዝቅ እያለ መሃሉ ባለበት እንደሚቆየው፣ ያ ድምጽም ግድግዳዎቹ ጋ ይበረታል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ሶፋችን ደግሞ መሃል ላይ ነበር። "እዚህ ተቀምጣችሁ ቮሊዩም ብትጨምሩ ጎረቤት ይሰማዋል እንጂ እናንተ አትሰሙትም" ሲለን ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳች። ሶፋው መሃል ላይ እስካለ ድረስ ዉፈሩን የትም ብትወስዱት ያ ጉድጓድ አይደፈንም። ሶፋውን 70 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፋነው። በቃ፣ መስመሩ ቀና አለ። አንድ ሳንቲም ያላወጣንበት ለውጥ ይህ ነው፣ ከሁሉም የበለጠውም ይህ ነው።

ቀጥሎ ዉፈሩን አንስቶ ሶፋው ላይ፣ እኛ የምንቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። ቤዝ የሚደጋገምበት ሙዚቃ ከፈተና "በሉ አሁን በግድግዳው ጥግ ጥግ እየዳሃችሁ አዳምጡ" አለን። ቀልድ መስሎን ነበር። የተለመደ ዘዴ ነው ለካ። እናንተ የምትቀመጡበት ላይ ሆኖ ሲጫወት ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ካገኛችሁ፣ ዉፈሩን እዚያ ስታስቀምጡት ሶፋው ጋ እንደዚያው ይሰማል። ልጄ ጆሮዋን ወለሉ አጠገብ አድርጋ ስትድህ "እዚህ ያብጣል፣ እዚህ የለም፣ እዚህ ልክ ነው!" ትላለች። ያገኘችው ቦታ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጥግ ራቅ ያለ፣ ከግድግዳው ሲሶ ገደማ ላይ ነው። እሱም በማይኩ አረጋገጠላት።

የሪሲቨሩ (ድምጹን ለስፒከሮቹ ሁሉ የሚያከፋፍለው ማሽን) ማስተካከያ ብዙ አልቆየም፤ ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም። ዋና ዋናውን ብቻ። ሌሎቹን ስፒከሮች "ትንሽ" በሚለው ላይ አድርጎ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምጹ ለዉፈሩና ለሌሎቹ የሚከፈልበትን ወሰን፣ 80 ኸርዝ ላይ አቆመው። ከዚያ በታች ያለው ድምጽ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል፤ ለሲኒማና ለቤት ድምጽ የጥራት መስፈርት የሚያወጣው ቲኤችኤክስም መስፈርቱን ያደረገው እዚሁ ላይ ነው። ዉፈሩ ራሱ ላይ ያለውን የማጣሪያ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ሁለት ማጣሪያ ተደራርቦ እንዳይቆርጥ። ፌዝ የሚለውን፣ የዉፈሩን ሞገድ የሚገለብጠውን ቁልፍ፣ ከ0 ወደ 180 እየቀያየረ ሶፋው ላይ ጠንከር ያለው የቱ እንደሆነ ሰማ፣ እሱን ተወው። ሪሲቨሩ በማይክ ራሱን ሲያስተካክል ፍሪጅና ፋን አስጠፋ፣ ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጣ። እናንተም ብትሆኑ በወሬ መሃል አታስተካክሉት።

ሪሲቨሩ የዉፈሩን ርቀት በሜትር ከለካችሁት አስበልጦ ቢጽፍ አትንኩት። ዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ድምጹን ትንሽ ያዘገየዋል። ማሽኑ ያችን መዘግየት እንደ ርቀት ነው የሚቆጥራት።

አንድ ሌላ ነገር። ዉፈሩ ዝም ባለበት ሁሉ እምምም የሚል ድምጽ ነበረው። ከዚህ በፊት ያየው ሰው የኧርዙን ሽቦ (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን) ቁረጡት ብሎን ነበር። ይህ ልጅ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። "እሱ የሰው ሕይወት የሚያድን ሽቦ ነው፣ በፍጹም!" አለ። ዉፈሩንና ሪሲቨሩን አንድ ሶኬት ላይ አንድ ላይ ሰካቸው፣ እምምምታው ጠፋ። ሁሌ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም ብሎናል፣ መጀመሪያ የሚሞከረው ግን ይኸው ነው።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። ቀርፋፋ ነው። ያስረዳል፣ ያስረዳል፣ አሁንም ያስረዳል። ቸኩላችሁ ከሆነ ያናድዳችኋል። "ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጥ አድርግልኝ" ለሚል ደግሞ ሥራውን አይቀበልም። ስለ ጎረቤትም እቅጩን ነው የነገረን። ከዉፈሩ ሥር የሚገባው ላስቲክ በወለል የሚሄደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን የ30 ኸርዝ ድምጽ ግን ተራ ግድግዳ አያቆመውም። ማታ ማታ መቀነስ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ውጤቱስ? ፊልም ላይ ፍንዳታው ይመጣል፣ ያልፋል፣ አይንጠለጠልም። የሰው ንግግር ከሥሩ አይዋጥም። ሙዚቃ ላይ ግን ነው እኔ የገረመኝ። የቤዝ ጊታር የወፍራሙ ክር ድምጽ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ድሮ ከበሮው ጋር ተደባልቆ ነበር የሚሰማኝ። አሁን ጊታሪስቱ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ለይቼ እሰማዋለሁ።

ሲሄድ የሁሉንም ቁልፍ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰጠን፤ የዉፈሩን የጌይን (የድምጽ መጠን) ቁልፍ ደግሞ በፕላስተር ምልክት አደረገበት። ሕፃን ቢያዞረው መመለስ ቀላል ነው። ክፍያውንም አስቀድሞ የነገረንን ነው የተቀበለው፣ መጨረሻ ላይ የተጨመረ ነገር የለም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው እልክላችኋለሁ። ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም፤ ማታ ደውሉለት ወይም መልእክት ተዉለት።