አባባን ላስታመመችልን ሲስተር

የአባታችን አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። ዕድርተኛውን፣ ቀባሪውን፣ እንጀራ ተሸክሞ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ አመስግነናል። አንዲት ሰው ብቻ ቀርታለች። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላለችኝ ሁላችንም እንደምንጠራት ሲስተር እላታለሁ።

አባባን ስትሮክ የመታው ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ሲል ነው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። መጀመሪያ የወሰድነው ሆስፒታል አራት ቀን ተኛ። እዚያ መጠሪያው "አልጋ ሰባት" ነበር። "የአልጋ ሰባት አስታማሚ! መድኃኒት ግዙ!" በአራት ቀን ውስጥ በስሙ የጠራው አንድም ሰው የለም። በግኜ ለአክስቴ ደወልኩ። እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም አልኳት።

አክስቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ በጃንሆይ ጊዜ የተማረች። ሳቀችብኝ። "እኛንስ እንደዚያ አይደል እንዴ ያስተማሩን?" አለችኝ። በስታርች የደረቀ ነጭ ቆብ። በሽተኛ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል። ስለ ራስ ማውራት ክልክል። ማልቀስማ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ቀን የምትንከባከበው ሕፃን ሞቶ ስታለቅስ የነርሶቹ አለቃ፣ ማትሮኗ፣ አየቻት። አልተቆጣቻትም። ዕቃ ክፍል ልካ አንሶላ አስቆጠረቻት። መቶ ምናምን አንሶላ ቆጥራ ስትወጣ እንባዋ ደርቋል። "እስከ ዛሬም ሲከፋኝ አንሶላ እቆጥራለሁ" አለችኝ።

ልጇ ነርሲንግ ታስተምራለች። ነገሩ የኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። ኢዛቤል መንዚስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በለንደን አንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችን አጥንታ ነበር። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። እዚያም በሽተኛው የሚጠራው በአልጋ ቁጥሩና በታመመው አካሉ ነው፤ "አልጋ አሥር ላይ ያለው ጉበት" ይባላል። ሥራው ተቆራርጦ ይታደላል። አንዷ ለብዙ ሰው ጥቂት ነገር እየሠራች ታልፋለች፤ አንድን ሰው ከራስ እስከ እግሩ የያዘች ነርስ የለችም። እንዲያውም የተኛውን ሰው ቀስቅሰው የእንቅልፍ ክኒን ይሰጡት ነበር። ሰዓቱ ደርሷላ!

መንዚስ ግን በነርሶቹ አልፈረደችም። ይህ ሁሉ በየቀኑ ሞትና ስቃይ የምታይ ወጣት ጭንቀቱ እንዳይበላት ሆስፒታሉ ራሱ ያቆመው ግድግዳ ነው አለች። ግድግዳው ግን ጭንቀቱን አላስቀረውም። ብዙ ተማሪዎች ትምህርቱን እየጣሉ ይወጡ ነበር።

ይህን ስሰማ "አልጋ ሰባት" ባሉት ልጆች ላይ የነበረኝ ንዴት በረደ። ሌሊት ላይ ሃያ ሁለት አልጋ ለአንዲት ነርስ ተጥሎ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሁሉም ብታዝን ምን ይተርፋታል?

አሁን ወደ ሲስተር ልምጣ። አባባን ወደ ሌላ ሆስፒታል ስናዛውረው የተቀበለችን እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቀን አልወደድኳትም። ታናሽ ወንድሜ አባባን እንደተጋደመ አጥሚት በማንኪያ ያጎርሰዋል። ከበሩ ላይ ጮኸችበት። "ልትገድላቸው ነው እንዴ?" ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየን። ወንድሜ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። መጥታ የአልጋውን ራስጌ ቀና አደረገች፣ ትራስ ደገፈች፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገችው። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ይቸግረዋል። ተጋድሞ ሲጎርስ ትን ይለውና ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ይህን ያወቅነው በዚያች ጩኸት ነው። ቆይታ ተመልሳ መጣች። "ይቅርታ የኔ ወንድም። ባለፈው እንደዚህ ሆኖ ያመለጠኝ ሰው አለ፤ ፈርቼ ነው" አለችው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ "ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" የጤና ባለሙያ እያለ ሲወተውት ሁላችንም ሰምተናል። ጥሩ ነው፣ ይበል። ግን ርኅራኄ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ፈገግታ ነው። የኛዋ ሲስተር ፈገግታዋ ቁጥብ ነው። አባባን አሥራ ዘጠኝ ቀን ያቆየልን ቁጣዋና ፍርሃቷ ነው ባይ ነኝ።

ተረኛ በሆነች ቁጥር በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች። በሌለችበት እኛ እንድናደርገው አሠልጥናናለች። ከመንካቷ በፊት ታወራዋለች። "አባባ፣ ወደ መስኮቱ ልናዞርዎት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ወጥቷል።" አባባ መመለስ አይችልም። ቀኝ እጁን ግን ከፍ ያደርግላታል። እስከ መጨረሻው አንድም የአልጋ ቁስል አልወጣበትም።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁማ "አይበለውና አንድ ነገር ቢሆን ለማን ነው የሚነገረው? እናታችሁ ልባቸው ጤነኛ ነው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ደነገጥኩ፤ ትንሽም ቅር አለኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ አረፈ። እናታችን ጋ ማንም አልደወለም። ታላቅ እህቴ፣ የንስሐ አባቷና ጎረቤት ተሰብስበው ሊነጋጋ ሲል በወጉ ተረዳች።

ወደ ክፍሉ ስገባ ዓይኑ ተከድኗል። አገጩ በፋሻ ታስሯል። ፀጉሩ ተበጥሯል፤ ቱቦዎቹ የሉም። ሲስተር መድኃኒት ጋሪው አጠገብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ እጇን ታጠበች፣ ጎን ያሉትን አዛውንት መርፌ ልትወጋ ሄደች። በስማቸው ነው የቀሰቀሰቻቸው። የመርፌው ሰዓት አላለፈም።

ለአክስቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "እኛ አንሶላ ነበር የምንቆጥረው" አለች።

ጥቆማዬ ይኸው። ሲስተር ከሥራ ሰዓቷ ውጪ ቤት እየሄደች ታስታምማለች። ቁስል ታጥባለች፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ትቀይራለች፣ ስኳርና ደም ግፊት ትለካለች፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ እንዴት እንደሚመገብ ታስተምራለች። ዋጋዋ የሚቀመስ ነው። የሐኪም ማዘዣ ካላየች ግን መድኃኒት አትሰጥም፤ አትጨቅጭቋት። ትቆጣለችም፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። በተለይ በሽተኛው እየሰማ "አለቀለት" የሚል ዘመድ ካለ ታስወጣዋለች። አጎቴን አስወጥታዋለች።

አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጃት ስልኳን እልክላችኋለሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ታነሳለች። የሌሊት ተረኛ ሆና ባደረችበት ጠዋት ግን አትደውሉላት። ትተኛበት።