ቤንዝ 240ዲ፣ ላንድሮቨር ወይስ ሃይሉክስ? ጅማ ላይ አሮጌ ናፍጣ ለሚገዛ

ልጅ ሳለሁ ቆጪ ሰፈራችን ማንቂያ ሰዓት አያስፈልገውም ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጎረቤታችን ላንድሮቨሩን ያስነሳል። መጀመሪያ ጸጥታ ነው፤ ማሞቂያው እስኪግል ይጠብቃል። ቀጥሎ ሞተሪኖው ያቃስታል። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ካ... ካ... ካታካታካታ! ነጩ ጭስ በአጥሩ ሾልኮ ግቢያችን ይገባል። እናቴ ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች ትራገማለች። እኔ እየሮጥኩ ሄጄ አጥሩ ላይ እንጠለጠላለሁ።

ይህ ጽሑፍ እንደኔ በዚያ ድምፅ ለተለከፈ ሰው ነው። ከቦታ ቦታ የሚያደርስ መኪና ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሌላ ብዙ አማራጭ አለ። ባጃጅም አለ።

ገበያው እንደድሮው አይደለም። ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሣር በቅሎበት የቆመ አሮጌ ናፍጣ ሁሉ ዋጋ አወጣ። ትናንት «ቁራሌው» የሚባለው ዛሬ «ኦሪጅናል» ተብሏል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ጎን ለጎን እናያቸው፦ መርሴዲስ 240ዲ፣ ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ እና ባለ 2ኤል ወይም ባለ 3ኤል ሞተሩ ቶዮታ ሃይሉክስ።

መጀመሪያ ከፍጥነት ነገር እንገላገል። የለም። ቤንዟ 72 ፈረስ ጉልበት አላት፤ ቀደም ብለው የተሠሩት 65 ብቻ ናቸው። ከቆመችበት ተነስታ 100 ለመግባት ከ20 ሰከንድ በላይ ትፈልጋለች። ላንድሮቨሩ 2.25 ሊትር ሞተር ይዞ 62 ፈረስ ገደማ ነው። ከ80 ካለፈ ጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ማናገር አትችሉም። ሃይሉክሱ ባለ 2.4 ሊትር ከሆነ ከ80 ፈረስ ትንሽ ከፍ ይላል። ከሦስቱ «ሯጩ» እሱ ነው እንግዲህ።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ የሚምገው አየር ስስ ነውና። የቤንዟ 72 ፈረሶች ጅማ ሲደርሱ 60 ገደማ ሆነዋል ማለት ነው። የቀሩት ባሕር ዳርቻ ሣር እየጋጡ ነው። የናፍጣ ፓምፑ ግን ከፍታውን አያውቅም። የለመደውን ያህል ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሽቅብ ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ብታዩ አትደንግጡ። ሜዳ ላይም ከጨሰ ግን ኖዝሎቹን ወይም ፓምፑን የሚያይ ሰው ፈልጉ።

እውነተኛው ፈተና ጊቤ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ሸለቆው ትወርዳላችሁ። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ ወደ ሰኮሩ ሽቅብ ነው። ዱሮ አባዬ ጎን ተቀምጬ እዚህ ዳገት ላይ ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ስንቀድም ሁሌም አንገቴን አዙሬ አያለሁ። ፊያቱ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመ ይወጣል። ረዳቱ ወርዶ ጎማ የሚታገድበት ታኮ ይዞ በእግሩ ከኋላ ጎማ ጎን ይሄዳል። ከመኪናው የሚፈጥንበት ጊዜ ነበር።

ሦስቱ መኪኖቻችን እዚህ ዳገት ላይ ጠባያቸው ይለያል። 240ዲ በሦስተኛ ማርሽ ትይዘውና በዚያው ትቀጥላለች። አትፈጥንም፣ አትደክምም። ራዲያተሩ ንጹሕ ከሆነ የሙቀት መርፌዋ ብዙም አትነቃነቅም። ላንድሮቨሩን በሁለተኛ ማርሽ ታስጨንቁታላችሁ። ከኋላ የሚከተላችሁን ሰልፍ በመስታወት ላለማየት ትማራላችሁ። ሃይሉክሱ ጭነት ካልበዛበት ከሁሉም ቀድሞ ሰኮሩ ይገባል። ግን መርፌውን እያያችሁ ይሁን። የ2ኤል ሞተር አንዴ ከተንተከተከ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይሰነጠቃል፤ የታወቀ ድክመቱ ነው። የምትገዙትን ሃይሉክስ ራዲያተር ክፈቱና ውኃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን እዩ። ካለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

ስለ ቤንዟ ትንሽ ልቆይ። ደብልዩ 123 የሚባለው ገላ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ድረስ ነው የተሠራው። የ240ዲ ሞተር ቫልቮቹን (ታይሚንጉን) የሚያንቀሳቅሰው በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ነው። ዘይቱን በጊዜው ከቀየራችሁለት እናንተን ይቀብራል። አስፋልት ላይ ሶፋ ናት። 65 ሊትር ትይዛለች። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህና እግር ከተነዳች አንድ ሙሉ ናፍጣ አድርሷችሁ ለመመለስ ትንሽ ነው የሚጎድለው። የናፍጣ ሰልፍ ላይ ውሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዷ ግን ልዩ ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ቁልፍ ስለተነቀለ ብቻ አይጠፋም። የሚጠፋው የናፍጣው መንገድ ሲዘጋ ነው። ቤንዝ ይህን የሚያደርገው በአየር ስቦሽ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ነው። የሚገርመው፣ የበሮቹ መቆለፊያም በዚያው የአየር መስመር ነው የሚሠራው። የኋላ በር ውስጥ ያለች አንዲት ላስቲክ ከተቀደደች ሞተሩ አልጠፋም ሊል ይችላል።

አጎቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ድንኳኑ በር ላይ አቆመና ቁልፉን ነቀለ። ካታካታካታ። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፣ መኪናዋ ትሠራለች። ሰው ሁሉ ዞር አለ። መልሶ ከተተ፣ ነቀለ። ካታካታካታ። በመጨረሻ ነጠላውን ወደ ኋላ ጥሎ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩ ላይ ያለችውን የማጥፊያ ዘንግ በጣቱ ተጫነ። ጸጥ። አንዲት እናት «እፎይ» ሲሉ ሰማሁ። ስለዚህ 240ዲ ስታዩ ቁልፉን ነቅላችሁ ወዲያው መጥፋቷን አረጋግጡ። ካንገራገረች ቱቦዎቹን መለወጥ ብዙ አያስወጣም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል።

የቤንዟ ዋና ጠላት የጅማ ዝናብ ነው። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘንባል። ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች፣ የባትሪውን ማስቀመጫ፣ የምንጣፉን ሥር ዝገት እንዳለ በጣታችሁ ንኩ። አዲስ ቀለም ካያችሁ የበለጠ ጠርጥሩ። ሌላው፣ ዝቅ ያለች ናት። ወደ ዴዶም ሆነ ወደ ጌራ ገጠር ለገጠር የምትመላለሱ ከሆነ ሆዷን ድንጋይ ይጨርሰዋል። መለዋወጫ ደግሞ ጅማ ላይ እየጠየቃችሁ ከምትደክሙ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ የሚፈልግላችሁ ሰው ቢኖር ይሻላል።

ላንድሮቨሩ ተቃራኒዋ ነው። ገላው አልሙኒየም ስለሆነ እንደሌላው ላሜራ አይዝግም። ሰው በዚህ ይታለላል። ሥሩ ያለው ሻንሲ ብረት ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ላዩ ሲታይ ደህና ነው፣ ውስጡ ዱቄት። ለዚህ ትንሽ መዶሻ ያዙ። ከኋላ ጎማ በስተኋላ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት ጋ፣ ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ቅርፊቱም ይረግፋል።

ሞተሩን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ያለው ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) 5 ማረፊያ አለው፣ የቀድሞው 3። ምርጫ ካላችሁ 5ቱን ያዙ። ብዙዎቹ ግን ዛሬ የራሳቸው ሞተር የላቸውም። ኮፈኑን ስትከፍቱ የጃፓን ሞተር ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማሻሻያ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ካልገጠመ ግን ጣጣው የእናንተ ነው የሚሆነው። የሻንሲውንም ቁጥር እንዲሁ አስተያዩ።

ጭቃ ላይ ግን ማን ይደርስበታል? በክረምት ቡና ወደሚበቅልበት ገጠር የገባ ያውቃል። የሚበላሽበት ነገር ሁሉ በዓይን የሚታይ ነው። አጋሮም ብትቆሙ ሰቃ አንድ በያጅና አንድ መፍቻ ያለው ሰው ያስኬዳችኋል። መሪው ክንድ ይፈልጋል፤ ዝናቡ በበሩ ጠርዝ ጉልበታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ አንድ ቀን ተሳፍራ ስትወርድ «ሁለተኛ!» ብላለች። ሁለተኛ አልተሳፈረችም።

ስለ ሃይሉክሱ ብዙ የሚተረክ የለም። ምስጋናው እዚያ ላይ ነው። መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃው እዚሁ ጅማ ይገኛል፣ ስትሸጡትም ገዢ አይጠፋም። 2ኤል 2.4 ሊትር፣ 3ኤል 2.8 ሊትር ነው። ካገኛችሁ ባለ 3ኤሉን ውሰዱ፤ ዳገት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ሁለቱም ታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሻጩ «በቅርብ ቀይሬዋለሁ» ቢልም ገዝታችሁ በሳምንቱ ቀይሩት። ድምፁ? ይጮኻል፣ ግን አይዘፍንም። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ፔጆ 504 ናፍጣውን የሚጠይቁኝ አሉ። 2.3 ሊትር፣ 70 ፈረስ። ኮረኮንች ላይ ከቤንዟም በላይ ይለሰልሳል። ዕቃ ፍለጋው ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ባለ 6 ሲሊንደሩ፣ ባለ 4 ሊትሩ የድሮ ላንድክሩዘርስ? ከሁሉም ያማረ ድምፅ የእሱ ነው። ለእሱ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው የእኔን ምክር አይፈልግም።

የትኛውንም ምረጡ፣ አንድ ነገር አትርሱ፦ ሞተሩን ቀዝቅዞ እዩት። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ አንድ ደላላ መኪናዋን ከሰዓት በኋላ አዌቱ ዳር አመጣልኝ። እጄን ኮፈኑ ላይ ጫንኩ፤ ይፋጃል። «ከቤት እስክመጣ ነው» አለኝ። በአንድ ንክኪ ተነሳች። ከፈልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሪኖው ባትሪውን ጨርሶ እስኪያቆም አልተነሳችም። አራት የሰፈር ልጆች ገፉልኝ። ለሁለት ሳምንት እነዚያው ልጆች በየጠዋቱ በር ላይ እየጠበቁ የሻይ አስከፈሉኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ናፍጣ በእሳት ብልጭታ አይቀጣጠልም፤ አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ሲጨመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። የፒስተኑ ፋሻና ሲሊንደሩ ካለቁ ጭመቃው ይላላል። የሞቀ ሞተር ይህን ይደብቃል፣ የቀዘቀዘ ያጋልጣል። ጠዋት የሚጮኸውም ለዚሁ ነው። ብርድ ላይ የተረጨው ናፍጣ ቶሎ አይያዝም፤ ይጠራቀምና ባንዴ ይፈነዳል። ሲሞቅ ድምፁ ለስለስ ማለት አለበት። ሞቆም እንደ ጠዋቱ የሚንኳኳ ከሆነ ችግር አለ።

ስለዚህ ሻጩ ቤት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ሲነሳ ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ይፈቀዳል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፍቱና ገልብጣችሁ እዚያው ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደግ ነው። እንደ እስክስታ ከዘለለና ወርውሮ ከጣለው ሞተሩ ተንፍሷል፤ ሙሉ እድሳት ይጠብቃችኋል።

አንድ መኪና ብቻ ይኑረኝ ለሚል፣ ሥራም ቤተሰብም ላለው፣ ባለ 3ኤሉን ሃይሉክስ እላለሁ። ከአስፋልት የማይወጣ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ የሚመላለስና ትዕግሥት ያለው ሰው 240ዲ ይግዛ፤ አይጸጸትም። ላንድሮቨር ግን ሌላ መኪና ያለው ሰው መኪና ነው።

እኔ የምነዳው ሃይሉክስ ነው። ባለፈው ወር ግን የጎረቤታችን ላንድሮቨር ለሽያጭ መውጣቱን ሰማሁና መዶሻዬን ይዤ ሄድኩ። ከኋላ ጎማው ጀርባ መታሁት። ድፍን ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛ መታሁት፤ ቅርፊቱ ጫማዬ ላይ ረገፈ። ዋጋ ላይ ነን።