የፕሮላክቲን ምርመራ በለገጣፎ መንገድ፦ ደም አወሳሰዱ ሸጋ፣ የውጤት ወረቀቱ ጎዶሎ

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ ትንሽ ላቦራቶሪ፣ ልጅ የዘገየባቸውን ባሎች ለሆርሞን ምርመራ መሃል ከተማ ድረስ ከመመላለስ ያሳርፋል። ደም አወሳሰዱ ይመሰገናል። ባለሙያው ሰውየውን 20 ደቂቃ ያህል አስቀምጦ ነው መርፌ የሚያነሳው። ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጨው ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን በእንቅልፍ፣ በጭንቀት፣ በሩጫና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይጨምራል፤ ታክሲ ተጋፍቶ ላቡ ሳይደርቅ ክንዱን የሰጠ ሰው ውጤቱ ቢያሻቅብ አይገርምም። ጠዋት 12 ሰዓት የነቃ ሰው 3 ሰዓት ገደማ ቢደርስ ይበቃዋል፤ በሌሊት መሰለፍ ጥቅም የለውም።

ችግሩ ከመቀበያው ጠረጴዛ ይጀምራል። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ የሚጠይቅ የለም። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ፕላዚል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያግዳሉ፤ ፕሮላክቲንን የሚገታው ደግሞ ዶፓሚን ነው። ሳይጠየቁም ይናገሩ፤ ያዘዘው ሐኪም ሳያውቅ ግን መድኃኒት አያቋርጡ።

የባሰው ወረቀቱ ነው። «38» ይላል፤ መለኪያው የለም። በሚሊ ሊትር 38 ናኖግራም ከሆነ ለወንድ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች ጣሪያውን ከ15 እስከ 20 ባለው ውስጥ ያደርጉታል። በሊትር 38 ሚሊ ዩኒት ከሆነ ግን 2 ናኖግራም እንኳ አይሞላም፤ 1 ናኖግራም 21 ሚሊ ዩኒት ያህል ነውና። መለኪያው ሳይጻፍ ወረቀቱን አይቀበሉ።

ፓኬጁ ፕሮላክቲንንና ቴስቶስትሮንን (ዋናውን የወንድ ሆርሞን) ብቻ መያዙም ቅር ያሰኛል። የበዛ ፕሮላክቲን አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያፍናል፦ ቆለጥን የሚያዙት ሆርሞኖች ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ይወርዳሉ፣ ቴስቶስትሮን ይከተላቸዋል፣ ፍላጎት ይቀዘቅዛል፣ የስፐርም ምርት ይቀንሳል። ኤልኤችንና ኤፍኤስኤችን ሳይለኩ ችግሩ ከላይ ከአንጎል ይሁን ከቆለጡ አይለይም። የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያሳየው ቲኤስኤችም መጨመር አለበት፤ የታይሮይድ መድከም ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሏል ተብሎ የቴስቶስትሮን መርፌ መወጋት ደግሞ የቀረውን የስፐርም ምርት ጭምር ሊያቆም ይችላል። ቁጥሩ ከ200 ናኖግራም ካለፈ ፒቱታሪ ዕጢ ላይ እብጠት ስለሚጠረጠር ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

የዘር ፈሳሽ መስጫ ክፍል የላቸውም፤ ከቤት አምጡ ነው የሚሉት። ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳያፈሱ ቆይተው፣ በንጹሕ ሰፊ አፍ ዕቃ ይያዙ፣ ልብስዎ ውስጥ ሸጉጠው ሙቀቱን ጠብቀው በ1 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ተራ ኮንዶም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ቅባት ስፐርሙን ይጎዳል። መንገዱ በተዘጋጋበት ሰዓት ከሆነ ቀኑን ይለውጡ።

ፕሮላክቲንን የሚቀንሰውን መድኃኒት ካበርጎሊንን ለጀመረ ሰው «በወሩ ተመለስና ሁሉንም እንድገም» የሚሉት ግማሹ ትክክል ነው። ፕሮላክቲኑ በወሩ ቢታይ ጥሩ ነው። ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ግን 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የዘር ፈሳሹን ከ3 ወር በፊት መድገም ገንዘብ ማባከን ነው።