ገመዱ አይበጠስም፤ ችግሩ መለጠጡ ነው

አምና ክረምት ሳይገባ ነው ዛፍ ስናስቆርጥ ወደምንፈልገው በኩል ለመሳብ ከመርካቶ 30 ሜትር ናይለን ገመድ የገዛሁት። ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ሱሉልታ ያለው ግቢያችን በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው፤ አንዳንዱ ዛፍ ወደ ጎረቤት ቤት አዝምሟል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እዚህ አገር የበዛው ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ጭምር ነው። ዘንድሮ ቆርጠህ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ትቆርጣለህ። ገመዱም የአንድ ጊዜ ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

ሻጩ ስለ ዕቃው የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄ እኮ አይሱዙ ይጎትታል!»

እውነቱን ነው፣ ይጎትታል። እስካሁን አልተበጠሰም። ቃጫ ቢሆን ዝናቡ አበስብሶት ነበር፤ ይሄ ምንም አልሆነም። ጥንካሬው ላይ ክርክር የለኝም።

የኔ ክርክር ሌላ ነው። ለመኪና ጥሩ ያደረገው ጠባይ ዛፍ ላይ ጠላት ይሆናል። ናይለን ይለጠጣል። መኪና ስትጎትት መለጠጡ ድንገተኛውን መንጠቅ ያበርድልሃል። ዛፍ ላይ ግን ስትስበው ወዲያው የሚታዘዝ ገመድ ነው የምትፈልገው። እስቲ አስቡት፦ 30 ሜትር ገመድ 5 በመቶ ብቻ ቢለጠጥ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ጎታቾቹ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ሄደው ዛፉ ገና አልሰማም!

ነገሩ የገባኝ ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ያዘመመውን ዛፍ ስናስቆርጥ ነው። ገመዱ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ታስሯል። ሌላኛው ጫፍ በግቢው ማዶ ካለው ግንድ ጋር ተወጥሮ ተጠምጥሟል። ቆራጩ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል ግንዱን ቦርቡሮ አፍ ከፍቶ፣ ከኋላ መቁረጥ ጀመረ። በመሃል ነፋስ መጣ። ጥሩ ገመድ እዚያ ላይ «አትመለስም» ይለዋል። የኔው ተለጠጠና ዛፉን ወደ ኋላ ለቀቀው፤ የሞተር መጋዙ ተነክሶ ቀረ። እትዬ ከቤታቸው ወጥተው «ልጄ፣ ጣሪያዬን!» ሲሉ አሁንም ይሰማኛል።

ያዳነን ገመዱ አይደለም። ቆራጩ ከጆንያው የእንጨት ሽብልቅ አውጥቶ ቁርጡ ውስጥ መታ መታ አደረገና ዛፉን ቀና አደረገው። ከዚያ ወደ ተከፈተው አፍ ሄዶ ወደቀ። በነገራችን ላይ ዛፉን የሚመራው በአፉና በኋላው ቁርጥ መካከል ሳይቆረጥ የሚተወው ቀጭን የግንዱ ክፍል ነው፤ ውፍረቱ ከግንዱ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። የገመዱ ሥራ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መያዝ ነው። የኔ ገመድ ያቃተው ይኸው አንድ ሥራ ነው።

«ታዲያ አጥብቀህ ወጥረው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ወንድሜ፣ የተለጠጠ ናይለን ጉልበት አጠራቅሞ ነው የሚቆየው። ቋጠሮው ቢያመልጥ ያ ጉልበት ተመልሶ የሚመጣው ጎታቹ ፊት ላይ ነው። ጎታቾች ከዛፉ ቁመት በላይ መራቃቸው ብቻ አይበቃም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከገመዱ መስመር ገለል ማለት አለበት። «ወፍራሙን ውሰድ» የሚልም አለ። ወፍራሙ ትንሽ ይሻላል፣ ግን ማን ይሸከመዋል? ናይለን ሲረጥብ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መለጠጡም ይብሳል። እኛ አገር ጠዋት ጠዋት ጤዛ እንዳለ ለሻጩ ማን ይንገረው?

ቀጥሎ ላለው ዛፍ ቆራጩ የራሱን ፖሊስተር ገመድ ይዞ መጣ። ስታየው ያው ነው፣ ስትነካውም ያው ነው። ሲወጠር ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሁለት ሰው ሳበው፣ የዛፉ ጫፍ ወዲያው ተነቃነቀ። እኔም ከአሁን ወዲያ የምጠይቀው ስንት ኪሎ ይችላል ብዬ ሳይሆን ከምን ተሠራ ብዬ ነው።

ናይለኑን ልሸጠው አስቤ ነበር፣ ባለቤቴ ግን ቆርጣ ልብስ ማስጫ አደረገችው። እርጥብ ብርድ ልብስ ስታሰጣበት ገመዱ ይረግብና የብርድ ልብሱ ጫፍ መሬት ይነካል። ለዚህም አልሆነም።