ደሜን በደቂቃ ቆጥረው ወሰዱ፣ ውጤቱ ግን የውሃ ሽታ ሆነ

ጤነኛ ሆኖ ሆስፒታል የሚተኛ ምን ዓይነት ሰው ነው ካላችሁ፣ እኔ ነኝ። አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሲሞከር ብዙውን ጊዜ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚፈለጉት። የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ይሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 80 ሰው ይሳተፍበታል። መድኃኒቱ ያድናል አያድንም የሚለው ኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ሰውነት ምን ያህሉን ይችላል፣ ደም ውስጥስ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። ሦስት ሌሊት አድሬ ወጥቻለሁ፤ ለመግባት ለምታስቡ የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ማጣሪያው ደም፣ ሽንት፣ የልብ ምርመራና የጥያቄ መዓት ነው። በቅርቡ የዋጥኩትን የራስ ምታት ክኒን ሳይቀር አስቆጠሩኝ። እዚህ ላይ አትዋሹ። በተለይ ከሌላ ሙከራ ገና ሳምንት ሳይሞላችሁ መጥታችሁ እንደሆነ አትደብቁ፤ ሁለት መድኃኒት ሆዳችሁ ውስጥ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

የስምምነት ቅጹ 19 ገጽ ነበር። ዶክተሯ ወዲያው አላስፈረመችኝም። «ቤትህ ወስደህ አንብበው፣ ከፈለግህ የምታምነውን ሰው አማክርበት» አለችኝ። ለዚህ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። በነጋታው ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥያቄዬን ደረደርኩት። ብጎዳ ማን ነው የሚያሳክመኝ? መድኑ የተጻፈበትን ገጽ ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። መሃል ላይ ሐሳቤን ብቀይርስ? «ምክንያት እንኳ ሳትሰጥ መውጣት ትችላለህ።»

ቅጹ ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 (በፈረንጆች) የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት ቂጥኝ ያለባቸውን ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች በሽታቸውን በትክክል ሳይነግራቸው ሲከታተል ኖሯል፤ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልሰጣቸውም። እነዚያ ሰዎች እኔ የጠየቅኩትን ለመጠየቅ ዕድሉ አልነበራቸውም።

አንድ ጥያቄ ግን ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል፦ «ሁላችንም በአንድ ቀን ነው የምንወስደው?» በ2006 (በፈረንጆች) ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ወንዶች አንድ አዲስ መድኃኒት በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጣቸው። በሰዓታት ውስጥ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል። የመጀመሪያው ሰው እስኪታይ ቢጠበቅ ኖሮ የቀሩት ባልተጎዱ ነበር። የኛዎቹ መጀመሪያ ሁለት ሰው ብቻ አስወስደው አንድ ቀን ሙሉ ጠበቁ። እነዚያ ሁለቱ በማግስቱ ሲስቁ ሳይ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

መድኃኒቱን የወሰድኩት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ነው። ደቂቃዋን የማልረሳው አልጋዎቹ በሁለት ሁለት ደቂቃ ልዩነት ስለተደረደሩ ነው፤ ጎረቤቴ ከስድስት ደቂቃ፣ ቀጣዩ ከስምንት። ነርሷ አፌን አስከፍታ በባትሪ ምላሴ ሥር ሳይቀር አየች፣ ክኒኑን ደብቄ እንዳልተፋው መሆኑ ነው። ከዚያ በሩብ ሰዓት፣ በግማሽ ሰዓት፣ በሰዓት፣ ክንዴ ላይ ከተተከለችው ቀጭን ቱቦ ደም ይቀዳል። አንዴ ሽንት ቤት ስሄድ ከበሩ ውጭ ቆማ «አርባ ሰከንድ ቀረህ!» ብላኛለች። ለካ ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ የወሰዱት ባዶ ክኒን ነው። ማን እንደሆነ እኛም ነርሶቹም አናውቅም። ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ ራሴን አዞረኝ ብሎ ተኛ፤ ባዶውን ይሁን እውነተኛውን የወሰደው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የሚከፍሉት ለጊዜያችሁና ለእንግልታችሁ ነው። ማስታወቂያው ከምርምሩ በፊት ክፍያውን የሚጮህ ከሆነ ግን ጠርጥሩ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቅጹ ላይ «ውጤቱ ሲወጣ ይነገረኝ» የሚል ሳጥን ነበር፤ ምልክት አድርጌበታለሁ። የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባለው የሐኪሞች የሥነ ምግባር ሰነድም ተሳታፊ ውጤቱን የማወቅ ምርጫ ይሰጠው ይላል። ዓመት ተኩል ሆነ። ስጽፍላቸው መጀመሪያ «እየተተነተነ ነው» አሉኝ፣ ከዚያ የውሃ ሽታ ሆኑ። ቅጹ ላይ ባለው የሙከራው የምዝገባ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ብፈልገው «ተጠናቋል» ይላል፣ በቃ። አርባ ሰከንድ ሲቆጥሩብኝ የነበሩት ሰዎች!

ለአቀባበሉና ለጥንቃቄው ከአምስት አምስት፣ ከወጣሁ በኋላ ላለው አንድ። ድጋሚ ብጠራ እሄዳለሁ። ውጤቱን የሚልክልኝን ሰው ስምና ስልክ ግን ቅጹ ላይ አስጽፌ ነው የምፈርመው።