«አንድ እንክብል ጣል አድርገህ እርሳው» ተብሎ የተሸጠልኝ የጓሮ ዋና ገንዳ፦ ከ15 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ጁላይ ውስጥ ነው። ካሊፎርኒያ ጭነት አድርሼ በስድስተኛው ቀን ቤቴ ስገባ፣ ሰማያዊ ሆኖ የተውኩት ውሃ የጎመን ቅቅል መስሎ ጠበቀኝ። ልጆቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መሰላሉ ሥር ቆመዋል። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ወደ ውስጥ እያየች፣ «ምን አጠጣኸው?» አለችኝ።

ክሎሪን፣ እማዬ። ክሎሪን ነው ያጠጣሁት። እሱንም ልክ እንደታዘዝኩት።

ዕቃው ይህ ነው፦ ከመሬት በላይ የሚቆም፣ የብረት ቋሚ ያለው የፕላስቲክ ገንዳ። ስፋቱ 18 ጫማ፣ ቁመቱ 48 ኢንች። የሚይዘው ውሃ 6,400 ጋሎን ገደማ ሲሆን በኛ ወደ 24,000 ሊትር ነው። ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ቤቴ ጓሮ ውስጥ ሜይ መጨረሻ ላይ ተከልኩት። 700 ዶላር አካባቢ ወጣብኝ። የሠራውን ኩባንያ ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ገንዳው ምንም አልበደለኝም። ቋሚው አልዛገም፣ ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ልጆቹ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ከዚያ አይወጡም፣ እኔም ከመንገድ ስመለስ ጀርባዬን የማሳርፈው እዚያ ነው። አብሮት የመጣው የወረቀት ማጣሪያ ቀልድ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት በአሸዋ ማጣሪያ ቀይሬዋለሁ፣ እናንተም ከመጀመሪያው ቀይሩት። በቃ፣ ስለ ገንዳው ይኸው ነው። ጠቤ ከአንዲት ነጭ እንክብል ጋርና እንክብሏን ከሸጠልኝ ልጅ ጋር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ልትገዙ ላሰባችሁ ስለ መሬቱ አንድ ቃል። የምትከምሩት 24 ቶን ውሃ ነው። መሬቱ ወደ አንድ ጎን ካዘቀዘቀ ዝቅ ያለውን በአፈር አትሙሉ፤ ከፍ ያለውን ቁረጡ። የተሞላ አፈር ይሰምጣል፣ የሰመጠ ጎን ደግሞ ውሃውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። እኔ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አካፋ ይዤ ስቆፍር ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «መቃብር ነው ወይ?» ብሎኛል።

ወደ ልጁ እንመለስ። የገንዳ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ሹፌር መሆኔን፣ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ እንደምሆን ነገርኩት። ዓይኑ በራ። ወገቤ ድረስ የሚደርስ ባልዲ ከመደርደሪያው አወረደና «ያንተ ዓይነት ሰው የሚያስፈልገው ይኼ ነው» አለኝ። «በሳምንት ሦስት እንክብል ተንሳፋፊዋ ዕቃ ውስጥ ጨምረህ ጣል አድርገህ እርሳው።» 130 ዶላር። መዳፍ የምታህል፣ ሦስት ኢንች ስፋት ያላት ነጭ እንክብል። ስትቀልጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ክሎሪን ቀስ እያለች ትለቃለች። ለሹፌር ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ስልኬ ላይ ማስታወሻ እንኳ አልያዝኩም፤ እርሳው ተባልኩ፣ ረሳሁት።

ሰባት ሳምንት እንደ መስታወት ሆነ። በስምንተኛው ጎመን።

የውሃ ናሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ምርመራው በነፃ ነው። ማሽኑ ስምንት መስመር ያለው ወረቀት አተመ። ልጁ በእስክሪብቶ «ፎስፌት» የሚለውን ከበበና የፎስፌት ማጥፊያ ሸጠልኝ። ከዚያ የአልጌ፣ ማለት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሳይ ነገር፣ መድኃኒት፣ ከዚያ ውሃ የሚያጠራ ነው የተባለ ፈሳሽ። በሦስት ቀን 140 ዶላር። አረንጓዴው ግን ፍንክች አላለም። የሚገርመው ደግሞ በወረቀት መመርመሪያው ስለካው ክሎሪኑ 3 ፒፒኤም፣ ማለት ከሚሊዮን ሦስት እጅ፣ ይላል! የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ሲዲሲ በእንዲህ ዓይነት እንክብል ለሚታከም ገንዳ ቢያንስ 2 ነው የሚለው። ክሎሪኑ አለ፣ አልጌውም አለ፣ ተስማምተው ይኖራሉ።

ያዳነኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ጋሼ የምንላቸው፣ ለረጅም ዓመታት የሆቴል ገንዳ ሲጠብቁ የኖሩ አባት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጡ፣ እናቴ ቡና አፈላች። ገንዳውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ስታብላይዘርህ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

ኪሴ ውስጥ ያጣጠፍኩትን የሱቅ ወረቀት ተቀብለው ዘረጉት። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ልጁ እስክሪብቶውን ያላሳረፈበት ቦታ፣ «ሲያኑሪክ አሲድ፦ ከፍተኛ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንክብሏ ትራይክሎር ትባላለች፤ ስትቀልጥ ሁለት ነገር ትተዋለች፣ ክሎሪንና ሲያኑሪክ አሲድ። ስታብላይዘር የሚሉት ይህንኑ አሲድ ነው። ሲያኑሪክ አሲድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ያለ እሱ የቴክሳስ ፀሐይ የጠዋቱን ክሎሪን ለምሳ አታደርሰውም። 30 ወይም 40 ፒፒኤም ቢሆን መልካም ነው። ችግሩ ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ሲያልቅ አሲዱ አያልቅም። አይተንም፣ ማጣሪያም አይይዘውም፤ እዚያው ይጠራቀማል። በኔ ገንዳ መጠን አንዷ እንክብል 5 ፒፒኤም ገደማ ትጨምራለች። በሳምንት ሦስት፣ በስምንት ሳምንት 24 እንክብል፤ እናንተው አባዙት። ጋሼ እንዳስረዱኝ፣ ዘበኛህን ፀሐይ እንዳይመታው ጎጆ ቀለስክለት፣ ደግ አደረግህ፤ ጎጆውን እያሰፋህ እያሰፋህ ስትሄድ ግን ዘበኛው ገብቶ ተኛ። ሌባው ሲገባ ዘበኛ አለ፣ በቁጥር አለ፣ ግን ተኝቷል።

አንዲት ቀጭን የመስታወት ቱቦ አወጡ። ታችዋ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። የገንዳውን ውሃና መመርመሪያውን ፈሳሽ እኩል ሲቀላቅሉት ወተት መሰለ። «እትዬ፣ የርስዎ ዓይን ይሻላል» ብለው ለእናቴ ሰጧት። ከላይ ወደ ታች እያየች፣ እሳቸው ቀስ እያሉ ሲጨምሩ፣ ነጥቧ ስትጠፋ «ጠፋች» እንድትል። ገና ሁለት ጣት ሳይሞላ «ጠፋች» አለች፤ ቶሎ ስትጠፋ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ታች ያለው ትልቁ ቁጥር፣ የ100 መስመር ላይ እንኳ አልደረስንም። ውሃውን በቧንቧ ውሃ ግማሽ በግማሽ አቅጥነው ደገሙት። 60 ላይ ጠፋች። እጥፉ 120።

«መድኃኒቱስ?» አልኳቸው። «ምንድን ነው የምገዛው?»

«ምንም። መድፋት ነው።»

እዚህ ላይ ሻጩ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ባልዲው ላይ ተጽፏል ጌታዬ» ይላል። አዎ፣ ተጽፏል። ለማንበብ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መሳብ የሚጠይቅ የኬሚካል ስም፣ በጉንዳን ፊደል። «በሳምንት ሦስት» ስትለኝ ግን በቃልህ ነው የነገርከኝ፤ «ከሦስት ሳምንት በኋላ አቁም» ማለትም በቃል ይቻል ነበር። «ሌሎች ደንበኞቼ ተጠቅመውበት ችግር አላጋጠማቸውም» ትለኝ ይሆናል። ዝናብ በሚበዛበት ሀገር ገንዳው እየሞላ ሲፈስ ራሱን ያቀጥናል። በኔ ጓሮ ያን ሰመር የወረደው ላብ ብቻ ነው። ደግሞስ ፎስፌቱን ስትከብ ያ እስክሪብቶ ሁለት ጣት ወርዶ ቢያርፍ ምን ነበረበት?

ሰኞ ዕለት ፓምፕ ነከርኩና ውሃውን ወደ ሣሩ መልቀቅ ጀመርኩ። ሁለት ሦስተኛው ይፈሳል፣ ከታች አንድ ጫማ ያህል ይቀራል፤ ጨርሶ ከተደፋ ፕላስቲኩ ይሸበሸባል። እናቴ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ለአፍታ አየችና ወጣች።

«ስንት ነው የምትደፋው?»

«16,000 ሊትር።»

«በጀሪካን ንገረኝ።»

20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ስምንት መቶ ነው። ስነግራት አልጮኸችም፣ እሱ ነው የከፋው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲንፏፏ ሰምታ ተነስታ በርሜልና ጀሪካን ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሆሱን ነጠቀችኝ። መጀመሪያ በረንዳውን አጠበች። ከዚያ ሁለቱን መኪና። ከዚያ የሳሎኑን ምንጣፍ አውጥታ ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ በእግሯ ረገጠችው። የልጆቹን ጫማ፣ የቆሻሻ ጋኑን፣ የጋራዡን ወለል። ወደ ጎመን መደቧ ስትሄድ ግን «እማዬ ተይ፣ መድኃኒት ያለበት ነው» ብዬ ያዝኳት። «ልጆችህ ሲዋኙበት ነበር አይደል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጎመኑን ግን አላጠጣችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያልታጠበ የቀረው ጣሪያው ብቻ ነበር፤ እሱም መሰላል ስለከለከልኳት።

መልሶ ለመሙላት ስምንት ሰዓት ወሰደ፣ የውሃ ቢሉም 30 ዶላር ያህል ጨመረ። ነጥቧ በ40 ላይ ጠፋች። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ነው፦ አንድ ጋሎን ፈሳሽ ክሎሪን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ፣ ፓምፑን ቀን ከሌት ማስኬድ፣ ሲወርድ መጨመር። አረንጓዴው በማግስቱ ግራጫ ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን የአጓት መልክ ያዘ፣ በአምስተኛው ቀን ታች የወደቀች የጸጉር ማስያዣ ታየች። ከ140 ዶላሩ መድኃኒት አንዱም አላስፈለገም።

አሁን የምጠቀመው ያንኑ ፈሳሽ ክሎሪን ነው፣ 10 በመቶውን፣ በጋሎን የሚሸጠውን። በየምሽቱ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለት አንድ ጋሎን አምስት ቀን ይሄዳል። ሥራ ጨምሯል፤ አልዋሽም። እኔ ስለማልኖር ሥራው የእናቴ ሆነ። በ80 ዶላር የጠብታ መመርመሪያ ገዛሁላት። ውሃው ውስጥ ዱቄት ሲነሰነስበት ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ጠብታ እየቆጠሩ መልሶ እስኪጠራ መጨመር ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ግማሽ ፒፒኤም። እዚህ ሳለች በየማታው ትደውልልኝ ነበር። አሪዞና ነዳጅ ማደያ ቆሜ «ዛሬ ስምንት ጠብታ ፈጀ» ትለኝ ነበር። ስምንት መልካም ነው። ከስድስት ከወረደ ሳትጠይቀኝ ትጨምር ነበር።

ሁለት ነገር ላይ አልቀልድም። ፈሳሹን ክሎሪን ከእንክብሏ ጋር በአንድ ዕቃ በፍጹም አታገናኙ፤ ሊፈነዳ ይችላል። እና መሰላሉ። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከምንም በላይ የሚገድለው በውሃ መስጠም ነው። የኛ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። መሰላሉ ሁልጊዜ ከዋና በኋላ ተነስቶ ጋራዥ ይቆለፍበታል፣ የጋራዡ ቁልፍም ባለቤቴ አንገት ላይ ነው።

«ትመክረናለህ?» ለምትሉኝ፦ ሻጩ ላይ ስናደድ አይ እላለሁ። ልጆቹ ሲንቦጫረቁ የሰማሁ ቀን ግን ገንዳውን የሚያማብኝን ሰው አልወድም። ዛሬ ሰምቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ግዙ። እንክብሏን ግን አትግዙ፤ ከገዛችሁም ለዕረፍት ስትሄዱ ላለው ሳምንት ብቻ አስቀምጧት። የኔ ባልዲ ግማሹ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ የፈለገ ይውሰደው።

እናቴ ባለፈው ኖቬምበር ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች። እዚያ አሁን ክረምት ነው፣ ስትደውል ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። ትናንት ጤናዬን ጠየቀች፣ ልጆቹን ጠየቀች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ስንት ጠብታ?»

«አምስት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ስልኩን ዝጋና ጨምርበት እንጂ!»